ነጩ ግድግዳና የሻሼ ዓይን

ግንቦት 12

ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ ነኝ። ማንም ሳያግዘኝ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርታችን ትናንት ሲዘጋ መምህርት ስርጉት በተማሪው ሁሉ ፊት አስነሥታ ይህን ደብተር ሸለመችኝ። «አቶ ጫላቸው፣ በየቀኑ ትንሽም ቢሆን ይጻፉ፤ አለበለዚያ ፊደሉ ጥሎዎት ይሄዳል» አለችኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣው የወደብ ተሸካሚ ግማሹን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ።

ደብተር አዲስ ሰው ነው፤ ራስን ማስተዋወቅ ደግ ነው። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ውስጥ «ስቱዲዮ ጫላቸው» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት በር የኔ ነው። ሰሌዳውን ስንት ዓመት በሥሩ ስገባና ስወጣ ኖሬ ማንበብ የቻልኩት ዘንድሮ ነው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት፣ ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሚሻገሩት ልጆች። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከኋላው ነጭ ይሁን። ነጭ ደግሞ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ይሞክሩታ! ሁለት መብራት ለግድግዳው፣ አንድ ጃንጥላ የለበሰ ትልቅ መብራት ለፊት፣ በወዲያኛው ጎን ጥላውን የሚያባብል ነጭ ሰሌዳ። ሰውየው ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ይርቃል። ካልራቀ ጥላው ጆሮው ሥር ይለጠፍና ሦስት ጆሮ ያለው ይመስላል። የግድግዳው መብራት ከበዛ ጸጉር ይበላል፤ ካነሰ ግድግዳው ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ይሆናል። በዚህ ከተማ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ስሙን ሰሌዳው ላይ ያንብቡ።

ካሜራ ግን ደንቆሮ ነው። ነጭ የቱ እንደሆነ ካልነገሩት አያውቅም። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ነጭ ወረቀት ይዘው ያሳዩታል። እኔ ወረቀት አላምንም፤ ከወረቀት የተሠራ ሰው የት አለ? እኔ ያለኝ የሻሼ ዓይን ነው። ሻሼ ሚስቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ወለሉ ላይ በፕላስተር የሠራሁት መስቀል ላይ ትቆማለች። እኔ እያነሳሁ፣ የዓይኗ ነጭ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ካሜራውን አስተካክላለሁ። የሻሼ የዓይን ነጭ ወተት ነው። እሱ ከተስተካከለ ከተማው ሁሉ ይስተካከላል። ማታ የሷን ፎቶዎች አጠፋቸዋለሁ፤ ሙከራ ናቸው፣ ቦታ ይይዛሉ።

ዛሬም መስቀሉ ላይ ቆማ «የመብራት ኃይል ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ጨርሰሃል? ሽንኩርቴ እሳት ላይ ነው» አለችኝ። እሷ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ናት፤ ፖስታው ላይ የደንበኛውን ስም የምትጽፈው እሷ ናት። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እጽፋለሁ ብላት «ደንበኞቻችን እንዳይሸሹ» አለች። ቅናት ነው።


ግንቦት 16

ቸኩያለሁ። ሰው ተሰልፏል።

ይሄይስ መጣ። ወዳጄ ነው፤ ከአዲስ አበባ እዚህ ወደብ ከባድ መኪና የሚያመላልስ። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «ጫላቸው፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ከበረዶ ቤት የወጣ ዓሣ?» መሥሪያ ቤቱ መልሶበታል። ግድግዳው ሰማያዊ ነው ብለው። የኔን ግድግዳ!

አየሁት። እውነት ለመናገር ትንሽ ሰማያዊ ነው። በነጻ ደግሜ አነሳሁት። አሁንም ዓሣ።

አምፑሉ ነው። ርካሽ አምፑል።


ግንቦት 22

ትናንት ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ያለው መብራት ሻጭ ዘንድ ሄጄ ተጣላሁ። «የሸጥክልኝ አምፑል ሰማያዊ ነው» ስለው አብርቶ ነጭ ወረቀት ላይ አሳየኝ። ወረቀቱ ነጭ ነው። «እኔ ወረቀት አላምንም» አልኩት። «ታዲያ ምን ታምናለህ?» አለኝ። «ሚስቴን» አልኩት። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ቀልድ ነውና ያስቃል። ቢሆንም አዳዲስ አምፑሎች ገዝቼ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ገጠምኳቸው። ሻሼ መስቀሉ ላይ ቆመች። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኖ መጣ። አሮጌው አምፑል ቢጫ ያመጣል፣ አዲሱም ቢጫ ያመጣል። ካሜራው ላይ ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ወተት ሆነ። ደስ አለኝ። ከዚያ ደንበኛ ገባ፤ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አምፑል ሠሪዎቹ ዘንድሮ ተመካክረውብኛል።

ማስተካከሉ ረዘመና ሻሼ «ልቀመጥ?» አለችኝ። መስቀሉ ላይ ተቀመጭ ተብላም፣ ልቀመጥ ብላም አታውቅም። «መብራቱ የተሠራው ለቆመ ሰው ነው» አልኳት። ቆመች።

አሁን ማታ ነው። ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል እንጂ አየር የለውም። ሻሼ አልተኛችም። እጇን ታክካለች፣ እግሯን ታክካለች። ላብ ነው አልኳት። ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ የማያክከው ማን አለ? እኔንም አሁን ስጽፍ አከከኝ።


ግንቦት 28

ግድግዳውን እንደ አዲስ ቀባሁት። ነጭ በነጭ ላይ። ሻሼ በቀለሙ ሽታ አስመለሳት።

ወረፋ ላይ ከነበሩት ሁለት ልጆች አንዷ ለሌላዋ «ሌላ ቤት እንሂድ፤ የዚህ ሰውዬ ዓይን ደክሟል» ስትል ሰማሁ። የኔ ዓይን! ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ቆሜ ሩቅ ያለች መርከብ ላይ ያለው ሰው ጢሙን መላጨት አለመላጨቱን የምናገር ሰው። ሄዱ። ይሂዱ።

ሻሼ ቀሚሷን ከትከሻው በመርፌ ቁልፍ አጥብባዋለች። «እንደ ልጅነትሽ ሆንሽ እኮ» አልኳት። ሆዷ ብቻ አልቀነሰም። እንጀራዋን ግማሹን ወደኔ ታዛውራለች። እኔም እበላለሁ።


ሰኔ 5

ነጅማ ፎቶ ልትነሣ መጣች። ነጅማ ጎረቤታችን ናት፣ ሶማሌ ናት፣ ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። አማርኛ ያስተማሯት ሾፌሮች ስለሆኑ ከምትናገረው ግማሹ ስድብ ነው። ከሻሼ ጋር «አባዮ» እየተባባሉ ነው የሚጠራሩት፤ እህቴ ማለት ነው።

ሻሼ መስቀሉ ላይ ነበረች፣ እኔ ከካሜራው ጋር እታገላለሁ። ነጅማ ገና ከመግባቷ «አባዮ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለች።

«አምፑሉ ነው» አልኳት።

«አንተ አፍህን ዝጋ።» የሻሼን እጅ ይዛ ከመብራቱ ሥር አወጣቻት። በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አቆመቻት። በአውራ ጣቷ የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረገች። ከዚያ ዞራ ጮኸችብኝ። «ና ወዲህ! ፀሐይም አምፑል ነው?»

ሄጄ አየሁ።


ሰኔ 5፣ ማታ

መብራቶቹን ሁሉ አበራሁና ብቻዬን ስቱዲዮ ገባሁ። ከዚህ ደብተር ነጭ ገጽ ከፍቼ መስቀሉ ላይ፣ በርጩማ ላይ አቆምኩት። ካሜራውን በሱ አስተካከልኩ። ግድግዳው ጨው ሆነ። አዲሱም አምፑል ነጭ፣ አሮጌውም አምፑል ነጭ። ከዛሬ ጠዋቱ የሻሼ ፎቶዎች አንዱን በዚያ ልክ አየሁት።

ወረቀት አላምንም ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፣ እኔ ሰማያዊ እያፈሰስኩ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ ከተማውን ሁሉ ሰማያዊ አድርጌ እልካለሁ። ይሄይስ ዓሣ ሆነ፣ ሾፌሩ ሁሉ ዓሣ ሆነ፣ እኔ ከአምፑል ሻጭ ጋር ተጣላሁ። ሰው ሁሉ ሲነግረኝ የነበረው ስለ ሻሼ ነበር።

መቼ እንደጀመረ ልይ ብዬ የድሮዎቹን ሙከራዎች ፈለግሁ። የሉም። ሁሉንም በየማታው አጥፍቻለሁ። ቦታ ይይዛሉ ብዬ። አሁን ካርዱ ላይ ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው፤ የፈለግሁትን ያህል ቦታ አለኝ።


ሰኔ 12

ሆስፒታል ሄድን። ነጅማ ከሥራዋ ወጥታ አብራን ገባች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ በፈረንሳይኛ ይናገራል። ፈረንሳይኛዬ እንደ ውኃ ነው፤ ከሙስዮዎቹ ጋር ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ጉበት አለ። ገባኝ። ሆዷ ውስጥ ያለው ውኃ ነው አለ። ገባኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሻሼ ውጭ ወንበር ላይ ነበረች። እሱ አልገባኝም። ነጅማ ተረጎመችልኝ። ያኔም አልገባኝም። የነጅማ አማርኛ ደካማ ነው።

ስንወጣ ሻሼ «ምን አለ?» አለችኝ።

«አገርሽ ግቢ፣ የአየር ለውጥ ይስማማሻል አለ።»

«ነጅማ ለምን ታለቅሳለች?»

«ካምሲን ነው፤ የሷ ዓይን አቧራ አይችልም።»

ሻሼ ነጅማን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። «ያንተ ዓይንም ዘንድሮ አቧራ አልቻለም» አለችኝ። ከዚያ ነጅማን «ታክሲ ጥሪ» አለቻት።


ሰኔ 20

ሻሼ ባቲ ልሂድ አለች። እናቷ እማማ ሎሚ እዚያ ናቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ እዚህ ድረስ መምጣት አይችሉም። ይሄይስ ኮምቦልቻ የሚያራግፈው ጭነት አለው፣ በባቲ ነው የሚያልፈው። «ጋቢናው ውስጥ ፍራሽ አነጥፍላታለሁ፤ እንደ ሙሽራ ነው የምወስዳት» አለ። እኔም አብሬ እሄዳለሁ።

የጉዞ ወረቀቷ ካለፈበት ቆይቷል። ከኤምባሲው መሥሪያ ቤት አዲስ ሊሴ ፓሴ፣ የይለፍ ወረቀት፣ ያስፈልጋል። ለሊሴ ፓሴው የሚያስፈልገው ጉርድ ፎቶ ነው፣ ከኋላው ነጭ።

ይሄይስ ሳቀ። «ይሄማ ቀላል ነው፤ ከፎቶ አንሺ ቤት ፎቶ ይጠፋል?»


ሐምሌ 2

ዛሬ ሻሼን አነሳኋት። እንደ ሙከራ አይደለም፤ እንደ ደንበኛ። አረንጓዴ ሻሿን አሰረች፣ ተኳለች። ነጅማ ደግፋ መስቀሉ ላይ አደረሰቻት።

በወረቀት ለካሁና አንድ አነሳሁ። ፎቶውን ካሜራው ጀርባ ላይ አየሁት። ለማንም አላሳየሁም።

ከዚያ እንደ ድሮዬ አስተካከልኩት፤ በዓይኗ። ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ፣ ወተት እስኪሆን። ሻሼ ሆነች። ራሷ ሻሼ! ግድግዳው ትንሽ ቀለሙን ለወጠ እንጂ ምንም አይልም። ማን ያስተውለዋል?

የመጀመሪያውን አጠፋሁት።


ሐምሌ 8

መለሱት። ግድግዳው ነጭ አይደለም ብለው።

 ነጅማ በስልኬ ላንሳት፣ አንሶላ እዚህ ገመድ ላይ እንስቀል አለች። የጫላቸው ሚስት በስልክ፣ በአንሶላ! ሌላ ስቱዲዮ እንውሰዳት ብትለኝ ደግሞ ተቆጣሁ። ሻሼ ናት የገላገለችን። «ባሌ ፎቶ አንሺ ነው። ሌላ ሰው በር ላይ አልሰለፍም» አለች። ኮራሁ።

አሁን ማታ ሳስበው እሷ የፈለገችው እኔ እንዳላፍር ነው።


ሐምሌ 11

ሁለተኛ አነሳኋት። ይሄኛው ያምራል። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ያምራል። በርጩማ ላይ አስቀምጬ ነው፤ ሁለት እግሮቿ አብጠዋል። ሳነሳት አንድ ቀልድ ነገርኳትና ሳቀች፣ ያን ጊዜ ጠቅ አደረግሁት። ዓይኗ ወተት ነው። ይሄን የሚመልስ መሥሪያ ቤት ልብ የለውም።


ሐምሌ 16

መለሱት።

ይሄይስ አንድ ጉዞ ሄዶ ተመልሷል። «ፎቶውስ?» አለኝ። ነገ አልኩት። «ጫላቸው፣ አንተ እኮ ዓይንህን ጨፍነህ ነጭ የምታወጣ ሰው ነህ» አለኝ። እኔ ራሴ የተናገርኩት ጉራ ነው፤ መልሶ ሰጠኝ።


ሐምሌ 18

መብራት የለም። አነሳለሁ ብዬ ነበር።


ሐምሌ 19

መብራት አለ። ጃንጥላውን ቀድጄው ነበር፤ ስጠግነው ዋልኩ። ስጠግነው ነው ወይስ ስቀደው አላውቅም።


ሐምሌ 23

መምህርት ስርጉት ልትጠይቀን መጣች። ብርቱካን አምጥታለች። ከሻሼ ጋር ብዙ ተቀመጠች። እኔ ጓዳ ውኃ ስቀዳ ከነጅማ ጋር በር ላይ የሚያወሩትን ሰማሁ።

«ሐኪሙ ምን ያህል ጊዜ አለ?» አለች መምህርቷ።

ነጅማ ነገረቻት። እዚህ አልጽፈውም።

«ታዲያ ፎቶው ምን አዘገየው?»

«ሰውዬው ነው። መሳሪያው ደህና ነው። ለሌላ ሰው ሲያነሳ ግድግዳው ነጭ ነው። ለሷ ሲያነሳ ብቻ ነው ሰማያዊ የሚሆነው። የታመመች እንድትመስል አይፈልግም። ዕብድ ነው።»

መምህርቷ «ዕብድ አይደለም» አለች። 

ውኃው ከጣሳው ሞልቶ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። እኔ ልጻፍ። የጉዞ ወረቀቱ ከወጣ ሻሼ ትሄዳለች። የምትሄደው ደግሞ ለአየር ለውጥ አይደለም። ሐኪሙ ያለው ገብቶኝ ነበር። በፈረንሳይኛውም ገብቶኝ ነበር፣ በነጅማ አማርኛም ገብቶኝ ነበር። ፎቶው ካልወጣ ወረቀቱ አይወጣም፣ ወረቀቱ ካልወጣ ጉዞ የለም፣ ጉዞ ከሌለ ደግሞ ያ ሐኪም የተናገረው ነገር የለም። እንዲህ እያሰብኩ ነው? እንዲህ አላሰብኩም። ግን እጄ ወደ ሰማያዊው ሄደ፤ ሁለት ጊዜ። እጄን ማን አዘዘው?


ሐምሌ 24

ጠዋት ሻሼ ራሷ ጠራችኝ። «ጫሌ፣ ዛሬ ፎቶ እንነሣ።»

ነጅማ ተሸከመቻት ማለት ይቻላል። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ነጅማ ከኋላ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ካሜራው እንዳያያት ዝቅ ብላ ወገቧን ደገፈች። እኔ መብራቶቹን በሙሉ አንድ በአንድ ለተቀመጠ ሰው ዝቅ አደረግኳቸው። የግድግዳዎቹን፣ ጃንጥላውን፣ ነጩን ሰሌዳ። የፈጀብኝ ጊዜ ምንም አይደለም። ግንቦት ላይ «ልቀመጥ?» ስትለኝ ይህን ማድረግ እችል ነበር።

ካሜራውን ላስተካክል ዓይኗን ማየት ስጀምር «ተው» አለችኝ። «ከዚያ ደብተርህ አንድ ነጭ ገጽ ገንጥልና አምጣ።»

ገንጥዬ ሰጠኋት። አገጯ ሥር ያዘችው። 

«ይኸውልህ ነጩ። እኔን አትይ፤ እሱን እይ።»

በወረቀቱ አስተካከልኩ።

«ግድግዳው ነጭ ሆነ?»

«ሆነ።»

«እኔስ?»

እኔ በዚህ ሰፈር የቀልድ ባለቤት ነኝ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ። አንድም አልመጣልኝም።

ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቀና አለች። «አንሳ በቃ» አለችኝ። «እናቴ ዘንድ ነው የምሄደው። እሷ ቢጫዬንም ታውቀኛለች፤ ስወለድም ቢጫ ነበርኩ ትላለች።»

አነሳሁ። ከኋላ ነጅማ ስታለቅስ በርጩማው ተነቃነቀ፤ ደግሜ አነሳሁ።


ሐምሌ 29

ተቀበሉት። ነሐሴ 4 ኑና ውሰዱ አሉ። ይሄይስ መኪናውን አሳጠበ። ፍራሹ ጋቢና ውስጥ ተነጥፏል። ሻሼ የምትለብሰውን መረጠች፤ የማትለብሰውን ለነጅማ ሰጠች። እኔ ሻንጣ አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ።


ነሐሴ 2

አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ትነቃና «ደረስን?» ትላለች። «ሚሌን አለፍን» እላታለሁ። «ተራራው ታየ?» ትላለች። «እየታየ ነው» እላታለሁ።

ዛሬ ቀኑን ሁሉ እንዲህ ስንጓዝ ዋልን።


ነሐሴ 3

ሻሼ ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፈች።


ነሐሴ 4

ከቀብር ተመልሰን በር ላይ ሸራ ተዘርግቶ ሰው ተቀምጧል። ይሄይስ መኪና ይዞ ከድንበር መመለሱ ነበር፣ ስልኩ አይሠራም ነበር፣ አልሰማም። በመንገዱ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ ሊሴ ፓሴውን ተቀብሏል። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ እያውለበለበ፣ እየሳቀ ወደ ሰፈር ገባ። ከዚያ ሸራውን አየ።

ቆመ። ወረቀቱን ወዴት እንደሚያደርገው አላወቀም። መጨረሻ ላይ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ደግሞ አውጥቶ ለኔ ሰጠኝ። ፎቶዋ ላይ ማኅተም አለ። ግድግዳው ነጭ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በወረቀት አንስቼ ያጠፋሁት ፎቶ ነበር። ሐምሌ 2። እሱን ብልክ ኖሮ። እሱን ብልክ ኖሮ።


ነሐሴ 14

ባቲ ለቅሶ ተቀምጠዋል። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ፎቶ ይፈልጋል፤ ሰው የሚያለቅሰው ወደ አንድ ነገር ዞሮ ነው። እማማ ሎሚ የልጄን ፎቶ በትልቁ አድርገህ ላክልኝ ብለውኛል። ይሄይስ ነገ ይወጣል።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንዱ መሥሪያ ቤቱ የመለሰው፣ የሳቀችበት፣ ዓይኗ ወተት የሆነበት። አንዱ መሥሪያ ቤቱ የተቀበለው።

የሳቀችበትን አተምኩ። በትልቁ። እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ደህና ሆና ይዩዋት። ግድግዳው ደግሞ በትልቁ ሲታይ ሰማይ ይመስላል። ጥሩ ሠራሁ ብዬ ነው የተኛሁት።


ነሐሴ 23

እማማ ሎሚ ደወሉ።

«ልጄ ጫላቸው፣ ፎቶዋ ደረሰኝ። ጎረቤቱ ሁሉ አየው። እንዴት ያለች ልጅ! ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ጥርሷ ሳቅ ያለ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሄን መቼ አነሳሃት?»

«ሐምሌ ላይ።»

 ከኋላቸው ሴቶች ሲያወሩ ይሰማል። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ሐምሌ ላይ እንዲህ ደህና ነበረች? ታዲያ በምን ሞተችብኝ? ታማ ነበር አልከኝ። ይሄ የታመመ ሰው ፊት ነው? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር አግኝቷት ነው፣ በድንገት ነው ይላል። ሰው ምን አደረጋት? ንገረኝ ልጄ፣ አልቆጣህም። ታማ ብትሆንማ ወደኔ ትመጣ ነበር። እናት እያላት ታማ ሰው አገር አትቀመጥም። አትመጣም ነበር? አትመጣም ነበር ወይ?»

የኔ ምላስ! ከአምፑል ሻጭ ጋር የማይሸነፍ ምላስ፣ አንደኛ የወጣ ምላስ። «ሄሎ፣ እማማ፣ አይሰማኝም» አልኳቸው። ይሰማኝ ነበር። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።


ነሐሴ 24

ጠዋት ሱቁን ከፈትኩ። አንድ ሾፌር ለመንጃ ፈቃድ መጣ። መስቀሉን ረግጦ ቆመ። ሊቆምበት ነው የተሠራው፤ ምን ልበለው? ነጭ ወረቀት ያዝ አልኩት፣ ያዘ፤ አስተካከልኩ፣ አነሳሁ። ነጭ ወጣ። «ጎበዝ ነህ!» አለኝ።

እሱ ሲወጣ በሩን ዘጋሁና ሁለተኛውን ፎቶ አተምኩ። የሐምሌ 24ቱን። በትልቁ፤ ከመጀመሪያው እኩል። ከማተሚያው ሲወጣ እንዳይታጠፍ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ዓይኗ እንዳለ ነው። ጉንጯ እንዳለ ነው። ቀና ብላለች። ጭኗ ላይ ያለችው ወረቀት ነጭ ጠርዟ ከሥር ብቅ ብላለች፤ መቁረጥ እችል ነበር፣ አልቆረጥኳትም።

ጀርባው ላይ እስክሪብቶ አነሳሁ። ብዙ ሰበብ መጣልኝ። እጄ ሰበብ ይችላል። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«እማማ፣ ሐምሌ ላይ ይህን ትመስል ነበር። ማንም ምንም አላደረጋትም፤ ታማ ነበር። እርስዎ ዘንድ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ መኪናው ተዘጋጅቶ ነበር። የዘገየችው በኔ ነው። ቢጫ ሆና እንድትታይ አልፈለግሁም ብዬ ፎቶውን አበላሸሁት፤ መሥሪያ ቤቱ ሁለት ጊዜ መለሰው። ፊተኛውን ከግድግዳ አውርደው ይህን ይስቀሉ። ጫላቸው።»

ደግሜ አነበብኩት። አንድም ቀልድ የለውም።

ይሄይስ ማታ ሲመጣ ሰጠሁት። ፖስታው ክፍት ስለነበር አወጣና አየው። ጀርባውንም አነበበ። ሾፌር ነው፤ ስንት አደጋ መንገድ ላይ ያየ ሰው ነው። 

«ጫላቸው፣ ይሄን ካነበቡ እኮ ለቅሷቸው ላይም አያስደርሱህም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ሌላ መልእክት ላድርስላቸው? በአፌ ልንገራቸው? እኔ አለሳልሰዋለሁ።»

«አታለስልስ። እሱን ራሱን ስጣቸው።»

ፖስታውን ዘጋ። ስሟ ፖስታው ላይ የለም ነበርና መልሼ ተቀበልኩት። ይህን ሥራ የምትሠራው እሷ ነበረች። በራሴ እጅ «ሻሼ» ብዬ ጻፍኩ፣ መለስኩለት።

ዛሬ ሌሊት ጋላፊን ያልፋል። ድንበሩ ላይ ማንም አይመልሳትም። ግድግዳው ነጭ ነው።